ጤናም እንጀራም ከአንድ ውኃ፦ የሐይቅ ዳርና የአምባሰል ሰዎች ማኒፌስቶ

እኛ በሐይቅ ዳር የምንኖር፣ ከአምባሰል ተዳፋት ወደ ውጫሌና ወደ ሐይቅ ገበያ የምንወርድ፣ መረብ የምንጥል፣ ልብስ የምናጥብ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም የምናጠጣ፣ ዲግሪያችንን ይዘን ሥራ የምንጠብቅ፣ ልጆቻችንን ዐረብ አገር የሸኘን ሰዎች ነን። የምንለው አንድ ነገር ነው። በዚህ ውኃ ዳር ሕመሙና ሥራ ማጣቱ ተለያይተው አያውቁም። ሰው ሌላ ሥራ ሲያጣ ጉልበቱን ይዞ ወደ ውኃው ይገባል፤ ውኃው ያሳምመዋል፤ ታሞ ሲደክም ያቺኑ ሥራ ያጣል። ስለዚህ መፍትሔውም ተለያይቶ አይመጣም። ሐይቁን ንጹሕ አድርጎ የማቆየት ድካም ደመወዝ ያለው፣ ሙያ ያለው፣ ወጣት የሚኮራበት ሥራ እንዲሆን እንጠይቃለን። ጠይቀንም አንቀመጥም፤ በእጃችን ካለው እንጀምራለን።

አገራችን ከ1985 ዓ.ም ወዲህ የባሕር ጠረፍ የላትም። ስለ ወደብ ብዙ ተብሏል፣ ብዙም ይባላል። የውኃ ዳር ሕዝብ ግን ሞልቶናል፤ በጣና፣ በዝዋይ፣ በሐዋሳ፣ በአባያና በጫሞ፣ በአሸንጌ፣ በሐርድቦና በሐይቅ ዳር። እግሩ ዓመቱን ሙሉ ውኃ ውስጥ የሚውል ሰው ሕመሙም ዕድሉም ከደጋው ገበሬ የተለየ ነው። ሌሎች አገሮች ለባሕር ዳርቻ ሕዝባቸው ለብቻው ሲያቅዱ እኛም ለሐይቅ ዳር ሕዝባችን ለብቻው እናቅድ። ሐይቁ የሚገኝበት የተሁለደሬ ወረዳና ጎረቤቱ አምባሰል የዚህ ዕቅድ መጀመሪያ ይሁኑ።

ስሙም ሐይቅ የሚባለውን ሐይቃችንን ለማያውቅ እንንገረው። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ይገኛል፤ ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል፣ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር በላይ ነው። ከሐርድቦ በኩል የሚወርደው ወንዝና የክረምቱ ጎርፍ ይገቡበታል፤ ከእርሱ ተነሥቶ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ፀሐይ ታተነዋለች፣ መሬት ያሰርገዋል፣ ሰው ይቀዳዋል፤ ሌላ መውጫ የለውም። ይህን ማወቅ ለእኛ የሁሉም ነገር መነሻ ነው። ከልብሱ የታጠበው ሳሙና፣ ከማሳው የታጠበው ማዳበሪያ፣ ከሜዳው የታጠበው ዓይነ ምድር ጎርፉ አንዴ ካስገባው እዚያው ነው። በጣሊያን ጊዜ ተመራማሪዎች ሲለኩት ብዙ ሜትር ወደ ታች ጥርት ብሎ ይታይ የነበረው ውኃ በኋለኞቹ ጥናቶች ጥራቱን አጥቶ አረንጓዴ ሆኖ ተገኝቷል። በ13ኛው መቶ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ያጸኑት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ጥንት ደሴት ነበር፤ ውኃው ሸሽቶ ዛሬ በእግር የሚገባበት ባሕረ ገብ መሬት ሆኗል። የሐረማያን ሐይቅም እናስታውሳለን። ለከተማ መጠጥና ለጫት መስኖ ሲቀዳ፣ ደለል ሲሞላው ቆይቶ በእኛው ዕድሜ ደርቆ ከብት የሚግጥበት ሜዳ ሆኖ ነበር።

አሁን ወደ ሕመሙ እንምጣ፤ ረዘም አድርገን የምንናገረውም በደንብ ስላልተነገረ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ሐይቅ ከተማን አዲስ የብልሃርዝያ መናኸሪያ ብሎ መዝግቧታል። ከተመረመሩት ተማሪዎች ከመቶ 40 በላይ በሚሆኑት በሽታውን የሚያመጣው ትል እንቁላል ተገኝቷል። ይህ የልጆቻችን ነገር ነው። ሆዱን አሞት ከክፍል የሚቀረው፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የያዘው፣ ደሙ አንሶ ሩጫ የሚደክመው ልጅ ‹‹ወስፋት ነው፣ ይተወዋል›› እየተባለ ያድጋል። ትሉ ግን በደም ሥር ውስጥ ለዓመታት ይኖራል። የሚጥለው እንቁላል ጉበት ላይ እየተቀረቀረ ጉበትን ያጠጥራል፤ ሰውየው በአርባ ዓመቱ፣ ቤተሰቡ በእርሱ ላይ በተደገፈበት ሰዓት፣ ሆዱ በውኃ ተነፍቶ ወይም ደም አስታውኮ ሆስፒታል ይገባል። ያን ጊዜ ስሙ የጉበት በሽታ ነው። ከልጅነቱ ዋና ጋር የሚያገናኘው ሰው የለም።

በሽታው የሚተላለፍበትን መንገድ እያንዳንዱ ቤተሰብ ሊያውቀው ይገባል። የታመመ ሰው ሜዳ ላይ ወይም ውኃው ዳር ይጸዳዳል። እንቁላሉ ውኃ ሲያገኝ ይፈለፈልና በዳርቻው ሣር መካከል የምትኖር አንዲት ትንሽ ቀንድ አውጣ ውስጥ ይገባል። እዚያ ለሳምንታት ተራብቶ በሺህ ሆኖ ይወጣል፤ በብዛት የሚወጣውም ፀሐይ ስትከር፣ ከረፋድ እስከ ቀትር፣ ልጆች በሚዋኙበትና እናቶች በሚያጥቡበት ሰዓት ነው። ከዚያ ቆዳን በስቶ ይገባል። መጠጣት አያስፈልገውም፤ እግር መንከር ይበቃዋል። ቀንድ አውጣዋ ጥልቁን አትወድም፤ የሣሩን ዳር ነው የምትወደው። ዓሣ አስጋሪው መሃል ሐይቅ ላይ ሳለ ሳይሆን ጀልባውን ሲገፋና ወደ ዳር ሲጎትት፣ መረቡን ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ቆሞ ሲያራግፍ ይያዛል። የተቀዳ ውኃ ግን ቀንድ አውጣ ሳይገባበት ሁለት ቀን ተከድኖ ከዋለ ትሉ ይሞታል። ይህችን አንዲት ዕውቀት ብቻ ያገኘች እናት ሕፃኗን በዕቃ ቀድታ ባቆየችው ውኃ ታጥባለች። ወጪው አንድ ተጨማሪ ጀሪካን ነው።

መድኃኒቱ አለ፤ ፕራዚኳንቴል ይባላል፤ ርካሽ ነው፣ ይሠራል። የትምህርት ቤቱ ዘመቻ ሲመጣ ልጆቹ ይውጡታል፤ በማግሥቱ ወደዚያው ውኃ ይመለሳሉ። ክኒኑ በሰውነት ውስጥ ያለውን ትል ይገድላል እንጂ ነገ የሚገባውን አይከለክልም። ትምህርት ያቋረጠው፣ ከብት የሚያጠጣው፣ በቀን ገቢ ልብስ የምታጥበው ደግሞ ዘመቻው አያገኛቸውም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ፣ በሽታው ከመቶ 10 እና ከዚያ በላይ በሆነበት አካባቢ ከሁለት ዓመት ሕፃን ጀምሮ አዋቂውም ጭምር በየዓመቱ መድኃኒቱን እንዲያገኝ መክሯል። እኛም የምንጠይቀው ይህንኑ ነው። ዓሣ አስጋሪው በማረፊያው፣ አጣቢዋ በማጠቢያዋ፣ መስኖ አጠጪው በማሳው ላይ ይታከም። ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን ከ1995 ዓ.ም ጀምሮ በተዘረጋው ፕሮግራም ደጃፋችንን ያውቁታል፤ መድኃኒቱን በእጃቸው ስጧቸው፣ ቤት ለቤት ያዳርሱታል።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ የክኒን አይደለም፤ የግንበኛ፣ የአናጺ፣ የአትክልተኛና የነጋዴ ነው። የእኛ ተስፋም እዚህ ላይ ይጀምራል።

ከሴኔጋል የመጣ ትምህርት አለ። በሴኔጋል ወንዝ ላይ የዲያማ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1986 ከተሠራ በኋላ ብልሃርዝያ አካባቢውን ወረረው። እ.ኤ.አ. በ2023 ውጤቱ የታተመ ሙከራ ቀላል ነገር አደረገ፦ ሰዎች ውኃ በሚቀዱበትና በሚታጠቡበት ቦታ ላይ ብቻ የውኃ ውስጥ አረሙን ነቅለው አወጡ። ቀንድ አውጣው መጠለያ አጣ። አረሙ የተነቀለበት መንደር ልጆች ዳግም የመያዝ መጠን በሲሶ ያህል ቀነሰ። የወጣው አረም ደግሞ አልተጣለም፤ ኮምፖስት ሆኖ ምርት ጨመረ፣ የከብት መኖ ሆነ። እነሆ አንድ ሥራ፣ ሁለት ፍሬ። በሐይቅ ዳር በየቀበሌው የሠለጠኑ ወጣቶች ቀንድ አውጣ የሚቆጥሩ፣ የመግቢያ ቦታዎችን የሚያጸዱ፣ ከአረሙና ከዓሣው ተረፈ ምርት ኮምፖስት ሠርተው ለአትክልት አልሚው የሚሸጡ ሆነው እናያቸዋለን። የዳርቻውን ቄጠማ ሁሉ ንቀሉ አላልንም፤ ቄጠማው ደለል ያጣራል፣ የዓሣ ጫጩት ያሳድጋል። ሰው የሚገባበት ቦታ ብቻ ይጽዳ።

ከሴኔጋል በፊት ደግሞ የራሳችን ሰው ነበር። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኘ። ከዚያች ቀን ተነሥቶ የሠራው ምርምር ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን፣ አማራጭ ኖቤል የሚሉትን ሽልማት አሸለመው። እናቶቻችን ለነጠላና ለጋቢ የሚወቅጡት ተክል የዓለም ሳይንስ መድረክ ላይ ቆመ፤ ዛሬ ግን እዚህ በሽታው ባለበት አገር እንዶድ በሳሙና ተረስቷል። አምባሰል እንዶድን ያብቅል እንላለን። በጓሮና በአጥር ዳር የሚበቅል፣ ፍሬው የሚሰበሰብ፣ ደርቆ የሚሸጥ ምርት ይሁን። ጥንቃቄውን ግን አጥብቀን እንናገራለን፦ ቀንድ አውጣ የሚገድለው መጠን ዓሣንም ይገድላል። ስለዚህ ወደ ሐይቁ ጠብ እንዳይል። ለመስኖ ቦይና ለረጋ ውኃ፣ ያውም ባለሙያ ለክቶ ሲፈቅድ ብቻ ይዋል። ወሎ ዩኒቨርሲቲና የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ይህን በእኛው ውኃ ላይ ፈትነው መጠኑን ይንገሩን።

ልብስ አጠባን እንደ ትልቅ ጉዳይ እንቆጥረዋለን። በየቀኑ ጉልበቷ ድረስ ውኃ ውስጥ ቆማ የሰው ልብስ የምታጥብ ሴት ሠራተኛ ናት፤ የሥራ ቦታዋ ግን ማንም አይቶት አያውቅም። ከዳርቻው ፈቀቅ ያለ የሲሚንቶ ማጠቢያ ገንዳ፣ ውኃ የሚያደርስ ቦኖ፣ ፍሳሹን የሚውጥ ጉድጓድ፣ ከፀሐይ የሚከልል ዳስ፣ አጠገቡም ውኃ ያለው መጸዳጃ ያስፈልጋታል። ሠርተው የሚያስተዳድሩት ራሳቸው አጣቢዎቹ ይሁኑ፤ ተደራጅተው ለሆቴሉ፣ ለሎጁ፣ ለትምህርት ቤቱ ልብስ ይጠቡ። ገንዳውን የሚሠራው ግንበኛ ከመንደሩ ይምጣ። ያው ግንበኛ በበጋው በየቤቱ ሽንት ቤት ይቆፍር፣ ሲሚንቶ ክዳን ያውጣ፣ በዱቤ ይሽጥ። ኮብልስቶን ብዙ ወጣት አሠልጥኗል፤ ድንጋይ የጠረበ እጅ የመጸዳጃ ክዳን ማውጣት አያቅተውም። ጃፓን ይህንኑ ዓይነት በሽታ ከምድሯ ያጠፋችው መድኃኒት እየሰጠች፣ ቀንድ አውጣውን እየገደለች፣ የእርሻ ቦዮቿን በሲሚንቶ እያለበሰች ነው፤ ብዙ ዓመት ወስዶባታል፣ ለብዙ ግንበኛም ሥራ ሆኗል።

ዓሣው የእኛ ነው፣ ግን ከእጃችን እየወጣ ነው። ቆሮሶ ወደ ሐይቃችን የተለቀቀው በ1970ዎቹ መግቢያ ነው፤ ወሎ ከ1966ቱ ረኃብ ገና ባላገገመችበት ዘመን። አምባዛውና ካርፑም አሉ። ዛሬ ጠባብ ዓይን ያለው መረብ ያልደረሰውን ይጠርጋል። የቆሮሶ እናት እንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ የምታሳድግ ዓሣ ናት፤ በመራቢያዋ ወቅት አንዷን ከዳር ማጥመድ የሚመጣውን ዓመት መንጋ ማጥመድ ነው። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 ከ1995 ዓ.ም ጀምሮ በሕግነት አለ። የጎደለው ሕጉን ውኃው ላይ የሚያስከብር ሰው ነውና ያ ሰው ከአስጋሪዎቹ መካከል ተመርጦ ይከፈለው። መራቢያው ቦታና ወሩ ተለይቶ ይዘጋ፤ በዝግ ወራት አስጋሪው የመረብ ጥገናና የችግኝ ሥራ ይሰጠው እንጂ ተራብ አይባል።

ሌላው ኪሳራ ከውኃው ውጭ ነው። ዓሣ በሙቀት በሰዓታት ውስጥ ይበላሻል፤ በረዶ የሌለው አስጋሪ ነጋዴው በጠራው ዋጋ ይሸጣል። በጾም ወራት ደሴና ኮምቦልቻ ዓሣ ሲፈልጉ ዋጋው ይወጣል፣ ትርፉ ግን በመንገድ ላይ ይቀራል። አንድ የበረዶ ማምረቻ፣ ንጹሕ የመብለቻ ጠረጴዛና ውኃ ያለበት ማረፊያ፣ የዓሣ አጥንትና አንጀት ወደ ዶሮ መኖ የሚቀይር ትንሽ ወፍጮ፤ እነዚህ ሦስቱ ስንት ሴትና ስንት ወጣት እንደሚያሠሩ የጥቃቅንና አነስተኛ ባለሙያዎች ቁጭ ብለው ይቁጠሩልን። ተረፈ ምርቱ ዳርቻው ላይ መጣሉ ሲቀር ዝንቡም ሽታውም ይቀራል። ሐይቁን ለማየትና ገዳሙን ለመሳለም የሚመጣው እንግዳም ሳይሸሽ ምሳውን ይበላል።

ስለ ስደት መናገር ያመናል። በ2006 ዓ.ም ሳዑዲ ዐረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ከወሎ የሄዱት ብዙ ነበሩ። ብዙዎቹ ተመልሰው ሄዱ። የባቲን ቁልቁለት ወርዶ በአፋር በረሃ ወደ ጅቡቲ ባሕር የሚወስደው መንገድ ዛሬም ክፍት ነው፤ ደላላውም እዚሁ ነው። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ዓ.ም ሲመረቅ የብዙ ልጃገረድ ተስፋ ነበር፤ የአሜሪካ ገበያ ዕድል በ2014 ዓ.ም ሲታገድና የሰሜኑ ጦርነት ሲመጣ ያ ተስፋ ተናጋ። እኛ ፋብሪካን አንቃወምም። ሆኖም ሩቅ ባለ አገር ውሳኔ የማይዘጋ ሥራም ያስፈልገናል። ሐይቁ ከዚህ አይሄድም፤ በላዩ የተገነባውም ሥራ አብሮት ይቀመጣል። ስለዚህ ዐረብ አገር ያሉ እህቶቻችንን በአክብሮት እንጠይቃቸዋለን፦ ለቤት ቆርቆሮ ከምትልኩት ላይ ጥቂቱን ለበረዶ ማምረቻው አክሲዮን አውሉት፤ ስትመለሱ የምትሠሩበት ቦታ የራሳችሁ ይሆናል።

የአምባሰል ሰው ‹‹ሐይቁ የተሁለደሬ ነው፣ እኔን ምን አገባኝ›› እንዳይል። ገበያችን አንድ ነው፣ የደሴው መንገድ አንድ ነው፣ ደላላው አንድ ነው፣ የምንታከምበት ሆስፒታልም አንድ ነው። ብልሃርዝያም የሐይቅ ዳር ብቻ በሽታ አይደለም፤ በመስኖ ቦይና በዝግተኛ ወንዝ ውስጥ ይኖራል፣ ስለዚህ የአምባሰል ወንዞችና ቦዮችም ይመርመሩ። በመስከረም 21 ግሸን ማርያምን ለመሳለም የሚወጣው ሕዝብ ንጹሕ ውኃ፣ መጸዳጃ፣ ማደሪያ ይፈልጋል፤ ይህም ከጤና ጋር የተሳሰረ ሥራ ነው። ስሙ በቅኝት የቆየ፣ ጃንጥራሮች የገዙት፣ እቴጌ መነን የተወለዱበት አምባሰል ለስሙ የሚመጥን ዘመናዊ ሥራ ይገባዋል፤ ማሩን በጥራት አሽጎ መሸጥ፣ እንዶዱን ማብቀል፣ ለእንግዳው መንገድ መምራት።

ጦርነቱ በ2014 ዓ.ም እዚህ ደርሶ ነበር። ጤና ጣቢያዎች ተዘረፉ፣ ማይክሮስኮፖች ተሰበሩ፣ መድኃኒት ቤቶች ባዶ ሆኑ። ከዚያ ወዲህም ሰላሙ አልጸናም። በዚህ ሁኔታ ስለ ማጠቢያ ገንዳ ማውራት ቅንጦት ነው የሚሉን አሉ። ሕመሙ ግን ሰላም እስኪወርድ አይጠብቅም። ማይክሮስኮፕ በሌለበት ብልሃርዝያ አይታይም፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄያችን በሐይቅና በውጫሌ ጤና ተቋማት ዓይነ ምድር የሚመረምር ላቦራቶሪና ባለሙያ ሳይቋረጥ እንዲኖር ነው። ለዚህ ማንም የታጠቀ ወገን እንቅፋት እንዳይሆን እንለምናለን።

ይህን ማን ያስፈጽማል? ወሎ ቅሬ አላት። ቅሬ ቀብር ብቻ አይደለም፤ የተጣላ ያስታርቃል፣ የተቃጠለ ቤት ይሠራል፣ የወደቀን ያነሣል፣ ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን በአንድ ዳስ ያስቀምጣል። ውሳኔውን የጣሰ ይቀጣል፤ ቅጣቱንም ሁሉ ይፈራዋል። ስለዚህ ሜዳ ላይ መጸዳዳት፣ ጠባብ መረብ መጣል፣ ያለ ፈቃድ በሞተር ውኃ መሳብ በቅሬው ይወሰንበት። የጁምዓ ኹጥባና የእሑድ ስብከት ስለ ቀንድ አውጣዋ ይናገሩ፤ የእስጢፋኖስ አባቶችና የአካባቢው ሸሆች አብረው ዳርቻውን ዞረው ይዩት። መንግሥትን የምንጠይቀው የራሱን ድርሻ ነው፦ የጤና ጽሕፈት ቤቱ፣ የግብርናው፣ የውኃውና የሥራና ክህሎቱ ለሐይቅ ዳር ቀበሌዎች አንድ የጋራ ዕቅድና አንድ የጋራ በጀት ያውጡ። ባሕር ዳር ያለው የዓሣና ሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል የዓሣውን መጠን ዓመት በዓመት ለክቶ ለእኛ፣ በአማርኛ፣ በአደባባይ ይንገረን። የሞተር ፓምፖቹ ይመዝገቡ፤ የውኃው ከፍታ በሚታይ ምልክት ይለካ፣ ምልክቱንም የትምህርት ቤት ልጆች ያንብቡት።

እኛ የምንጀምረው እንዲህ ነው። መኸሩ ከተሰበሰበ በኋላ፣ በታኅሣሥና በጥር፣ ጉልበት በሚገኝበት ጊዜ፣ በየቅሬው ስለዚህ ጽሑፍ ስብሰባ ይጠራል። እያንዳንዱ ቅሬ ሰው በብዛት የሚታጠብበትን አንድ ቦታ ይመርጣል፤ ቦታውን የሚመርጡትም አጣቢዎቹና እናቶች ናቸው። ድንጋይና አሸዋ በወንፈል ይቀርባል፤ የግንበኛው ደመወዝ ከመዋጮና ከውጭ ካሉ ልጆቻችን ይከፈላል፤ ሲሚንቶውን ከወረዳው እንጠይቃለን። ገንዳው ከመሠራቱ በፊትና ከተሠራ ከዓመት በኋላ የአካባቢው ልጆች ይመረመራሉ፤ ውጤቱ ለቅሬው ይነበባል። ከቀነሰ ወደሚቀጥለው ቦታ እንሄዳለን፤ ካልቀነሰ ምክንያቱን ፈልገን እናስተካክላለን። አስጋሪዎች በዚያው ሰሞን የመራቢያ ቦታዎቹን ካርታ ላይ ያሰፍራሉ። ስማቸውን ለቀንድ አውጣ ቆጠራና ለግንባታ ሥልጠና ማስመዝገብ የሚፈልጉ ወጣቶች፣ ሴቶችም ወንዶችም፣ በየቅሬው ዳኛ ዘንድ ይመዝገቡ፤ ከስደት የተመለሱት ቅድሚያ አላቸው።